ድሬዳዋን በ1፡87 መሥራት፦ ጣቢያው፣ ወርክሾፑና ፋብሪካው በ3.60 ሜትር ገበታ ላይ ይገባሉ?

የከዚራ ልጅ (ፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የቶርኖ ሠራተኛ ስለነበር፣ እኔ ሴት ልጁ ትምህርት በሌለበት ቀን ምሳውን በጨርቅ ቋጥሬ እወስድለት ነበር። ዛሬ የምኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ሲሆን የባቡር ሞዴል መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እስከ አሁን የሠራሁት ግን በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን የጀርመን መንደር ነው። እጄ ስለተፍታታ አሁን የማውቀውን ከተማ፣ የ1962 ዓ.ም. አካባቢዋን ድሬዳዋ፣ ከነባቡር ጣቢያዋ፣ ከነወርክሾፕዋና ከነጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ መሥራት እፈልጋለሁ።

ያለኝ ቦታ በሳሎኑ ግድግዳ ዳር 3.60 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ጣት እንኳ መጨመር አልችልም። በወረቀት ላይ ደጋግሜ ነድፌዋለሁ፤ ጣቢያውን ሳስገባ ወርክሾፑ ይወጣል፣ ወርክሾፑን ሳስገባ የከዚራ መንገድ ይጠፋል፣ የአሸዋ ወንዙን ደቻቱንና ከማዶው ያለውን የመጋላን ሰፈር ስጨምር ደግሞ ለባቡሩ የሚቀረው ቦታ ከፉርጎ ርዝመት አያልፍም። በእጄ ያሉት ሐዲዶችና ፉርጎዎች በሙሉ የተለመደው የጀርመን ኤችኦ፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ የሚያንሰው (1፡87) ዓይነት ናቸው፤ የእኛ ባቡር ግን በጠባብ ሐዲድ የሚሄድ ስለነበር እነዚህን ብጠቀም ያየኝ የድሬ ሰው ይታዘበኛል ብዬ እፈራለሁ። ሎኮሞቲቩንም ቢሆን ማንም ፋብሪካ ሠርቶ ሲሸጠው አላየሁም።

ስለዚህ በየትኛው መጠን ብሠራ ይሻላል? ከከተማዋስ የትኛውን ይዤ የትኛውን ልተው? ለቤቶቹ፣ በተለይም ለወርክሾፑ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የምትመክሩኝ አሠራር ካለ በዝርዝር ብትጽፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ምክሩ ቢረዝምብኝ አልሰለችም።

ጠባብ ሐዲድ (ስቱትጋርት)

እህቴ፣ ከሐዲዱ ስፋት እንጀምር፤ ሌላው ውሳኔ ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማልና።

የአሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ስፋት በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ነው። ይህ በ1፡87 ሲሰላ 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል። በገበያ ላይ ኤችኦኤም ተብሎ የሚሸጠው ሐዲድ ደግሞ 12 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው ልዩነቱ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ማንም ዓይን አይለየውም። በእጅዎ ያለው ኤችኦ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በ87 ሲያባዙት 1.435 ሜትር ይሆናል፤ ማለትም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋት ነው። በዚያ ላይ የድሬዳዋን ፉርጎ ቢያቆሙ የሰው ዓይን ምክንያቱን ባያውቀውም እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። የጠባብ ሐዲድ ውበቱ ፉርጎው ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ሰፋ ብሎ፣ በቀጭን እግር ላይ የቆመ መስሎ መታየቱ ነው፤ ይህ መልክ ከጠፋ ጣሪያውንና ቀለሙን የቱንም ያህል ቢያሳምሩት አይመልሱትም።

ቦታ ለመቆጠብ ወደ 1፡160 ለመውረድ እንዳይፈተኑ እመክራለሁ። በዚያ መጠን ሜትር ሐዲድ 6.25 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው በሱቅ የሚገኘው ኤን የሚባለው ሐዲድ 9 ሚሊሜትር ስለሆነ ተመሳሳይ ስህተት ውስጥ ይገባሉ። በ1፡87 ቢቆዩ ደግሞ ስድስት ዓመት ያከማቿቸው ሰዎች፣ መኪናዎች፣ በርሜሎችና የመብራት ምሰሶዎች ሁሉ ያገለግሉዎታል፤ የሚለወጠው ሐዲዱና በላዩ የሚሄደው ብቻ ነው። ፔኮም ሆነ ቲሊሽ የሚያመርቱት ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ጀርመን ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ለእርስዎ ቦታ ጥቂት ሜትር ተጣጣፊ ሐዲድና ሦስት ወይም አራት መቀየሪያ (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረው) በቂ ነው።

ስለ ሎኮሞቲቩ፦ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው የእንፋሎቱን ትቶ ወደ ናፍጣ ሲዞር ካስመጣቸው መካከል በጣም የሚታወቁት የፈረንሳዩ አልስቶም ሥራ የሆኑት ባለ አራት አክሰል ሎኮሞቲቮች ናቸው። ተሠርቶ የሚሸጥ ሞዴል ባይኖርም መንገዱ አይዘጋም። የ1፡120 መጠን የሆነው የቲቲ ሞዴል በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። በዚያ መጠን የተሠራ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ገዝተው የላይኛውን አካል ያውልቁት፤ ታችኛው ክፍል ከነሞተሩ በሐዲድዎ ላይ ሳይለወጥ ይሄዳል። የሁለቱን አክሰሎች ርቀት ልብ ይበሉ፤ በእውነቱ ዓለም በአክሰሎቹ መካከል 2.5 ሜትር የሆነ ቦጂ (ሁለቱን አክሰሎች ከሥር የሚይዘው ክፍል) በቲቲ ወደ 20.8 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ይህም በ1፡87 ዓይን ሲታይ 1.81 ሜትር ነው፤ ለሜትር ሐዲድ ሎኮሞቲቭ በጣም የሚያምን መጠን ነው። የላይኛውን አካል ከፎቶግራፍ ለክተው ከፕላስቲክ ሉህ መቁረጥ ወይም በኮምፒውተር ነድፈው በፈሳሽ ፕላስቲክ (ሬዚን) በሚሠራ የ3ዲ ማተሚያ ማሳተም ይችላሉ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ሉህ መቁረጡ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሎኮሞቲቩን ቅርጽ እጅ ካላወቀው በኮምፒውተር መንደፉም አይሳካም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሎኮሞቲቩ አጭር ስለሆነና በዝግታ ስለሚሄድ የኤሌክትሪኩ ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የየራሱን ሽቦ በካውያ ይበይዱለት እንጂ በማያያዣዎቹ ላይ አይተማመኑ። መቀየሪያው መሐል ላይ ያለው መስቀለኛ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ዓይነት ይሁን፤ ፕላስቲክ ከሆነ ሞተሩ እዚያው ላይ ይቆምብዎታል።

የመጋዘን በር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ቦታው ልናገር፤ ምክንያቱም እርስዎ አሁን ያሉበት ጭንቀት ውስጥ እኔም ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ።

3.60 ሜትር በ87 ሲባዛ 313 ሜትር ነው። ወርዱ ደግሞ 52 ሜትር ይሆናል። በዚህ ውስጥ ከተማ አይገባም፤ የአንድ ጣቢያ ግቢ ሩብም አይገባም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በዚህ መጠን ይሠራ ቢባል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ድሬዳዋን እንዴት ላስገባ?» የሚለው ሳይሆን «ከድሬዳዋ የትኛው 300 ሜትር ነው ድሬዳዋን ድሬዳዋ የሚያደርገው?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ መልስ ወርክሾፑ ነው። ከተማዋ የተወለደችው ሐዲዱ በ1902 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ሲደርስ ነው፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አልሆን ስላለ ከግርጌው ቆሞ አዲስ ሐረር የተባለ ሰፈር መሠረተ። ጣቢያ በየአገሩ አለ። ያንን ሁሉ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ፈትቶ የሚገጥም፣ ብረት አቅልጦ መለዋወጫ የሚያወጣ ወርክሾፕ ግን የድሬዳዋ ብቻ ነበር።

ሐዲዱን እንዲህ ያስቡት። እንግሊዛዊው አላን ራይት ኢንግልኑክ የሚል ስም የሰጠው የታወቀ አቀማመጥ አለ፤ ሦስት ቅርንጫፍ ሐዲዶችና ሁለት መቀየሪያዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ፣ መነሻው ሐዲድ ደግሞ ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ያስተናግዳል። በጠቅላላው ስምንት ፉርጎ ይቀመጥና አምስቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል አሰልፎ የማውጣት ሥራ ይሰጥዎታል። ሊወጡ የሚችሉት ቅደም ተከተሎች 6,720 ናቸው፤ አንድ ምሽት ሠርተው በማግስቱ ያንኑ አይደግሙም። አንድ ፉርጎ ከነማያያዣው 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው ብንል ረጅሙ ቅርንጫፍ 50፣ አጫጭሮቹ 30፣ መነሻው 45 ሴንቲሜትር ይፈልጋሉ፤ መቀየሪያዎቹ ሲጨመሩ ሁሉም በ1.50 ሜትር ውስጥ ያልቃሉ። ከቀረው ሁለት ሜትር ላይ 80 ሴንቲሜትሩን ለስውር ማቆያ ይተዉት። ስውር ማቆያ ማለት ከተመልካች ዓይን የተሰወረ፣ ባቡሩ «ከጅቡቲ» የሚመጣበትና ወደ «ጅቡቲ» የሚመለስበት ሐዲድ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ግድግዳ ከዚህ ማቆያ ፊት ያቁሙት። ፋብሪካውን ሙሉውን መሥራት አያስፈልግም፤ አምስት ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፊቱ ብቻ ከኋላው ትልቅ ሕንፃ እንዳለ ያሳምናል፣ በዚያውም ማቆያውን ይሸፍንልዎታል።

ወደ ፋብሪካው የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ከፈለጉ ይሥሩት፤ ሲያሳዩት ግን የራስዎ ፈጠራ መሆኑን ይናገሩ። ሞዴል ሠሪ አንዳንድ ነገር መፍጠሩ ነውር የለውም፣ እንደ ታሪክ አድርጎ ማውራቱ ነው ስህተቱ። ደቻቱንና መጋላን ግን ይተዉዋቸው ብዬ እለምንዎታለሁ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ሰፊ አሸዋ ነው፤ በአንድ ስንዝር ቦታ ላይ የተጨናነቀ ደቻቱ ቦይ ይመስላል፤ ደቻቱን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ያ ያሳዝናል።

ስለ ገበታው አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎ። የመጀመሪያ ሥራዬን በቺፑድ ላይ ነበር የሠራሁት። የአዲስ አበባ ለገሃርን የጉምሩክ መጋዘኖች ነበር የጀመርኩት፤ ምድር ቤት ስላስቀመጥኩት በአንድ ክረምት እርጥበት ጠጥቶ መሐሉ ረገበ። ፉርጎዎቹ ማንም ሳይነካቸው ተንከባለው መሐል ላይ ይሰበሰቡ ነበር። አሥራ አራት ወር የፈጀ ሥራ ፈርሶ ተጣለ። አሁን የምጠቀመው ዘጠኝ ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሆን ከሥሩ በየ40 ሴንቲሜትሩ አግዳሚ እንጨት አለው። እርስዎም 1.20 ሜትር በሆኑ ሦስት ገበታዎች ከፍለው ቢሠሩት ቤት ሲቀይሩ መሸከም ይቻላል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ መቀየሪያ እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ በሐዲዶቹ መካከል ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። በክረምት ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ስለሚደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ ብረቱ አብሮት ስለማይኮማተር ክፍተት ካላገኘ ይጎብጣል።

ሸሚንደፈር (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ የአባትሽን ሙያ ስትጠሪ ልቤ ተነካ። እኔ ወርክሾፑ የገባሁት በ1957 ዓ.ም. በሥራ ተለማማጅነት ነው፤ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስም ከዚያው አልተንቀሳቀስኩም። ስለ ሞዴል አሠራር የማውቀው የለኝም። የልጅ ልጄ ጽሑፋችሁን አንብቦልኝ፣ እኔ ደግሞ እየነገርኩት ነው ይህን የሚጽፍልኝ።

መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር ቢኖር ወርክሾፑን አታቆሽሺው። በኢንተርኔት የሚታዩት የዛሬዎቹ ፎቶግራፎች አቧራና ዝገት ያሳያሉ፤ እነዚያ ሥራ ከቆመ በኋላ የተነሡ ናቸው። በ1962 ዓ.ም. ወርክሾፑ በሥራ ላይ ያለ ወርክሾፕ ነበር። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የቶርኖው ፍቅፋቂ ብረት ይጠረጋል፣ መሣሪያ በቦታው ይሰቀላል፣ ሹሙ ሳያይ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ዘይት ነበር፤ ግን የነበረው በሚገባው ቦታ ነው። ሎኮሞቲቭ የሚቆምበት ሐዲድ መሐሉ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ራቅ ስትዪ መሬቱ የድሬ መሬት ነው፣ ነጣ ያለ፣ አሸዋማ። አባትሽ የሠራበትን ቤት ፍርስራሽ አድርገሽ ብትሠሪው እኔ ብቻ ሳልሆን እሱም ቅር የሚለው ይመስለኛል።

ሐዲዱ የተዘረጋው በብረት አግዳሚ ላይ ነበር። እንጨት በዚያ በረሃ ምስጥ ይጨርሰዋል። የምትገዢው ሐዲድ የእንጨት መልክ ያለው አግዳሚ ካለው አትጨነቂ፤ በግቢው ውስጥ አፈሩና አመዱ እስከ አግዳሚው አናት ድረስ ሞልቶት ስለነበር አግዳሚው ብዙም አይታይም። አፈር አልብሺው፣ ብረቱ ብቻ ብቅ ይበል። ከጣቢያው ወጣ ሲል ነው ጠጠሩና አግዳሚው በግልጽ የሚታየው።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሲሠራ አታሳዪ፤ በዚያ ዘመን የሚጎትተው ናፍጣ ነው። ሕዝቡ ሊቶሪና የሚለው ባለሞተሩ የመንገደኞች ፉርጎ ግን ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ስሙ ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነው። ፉርጎዎቹን አደባልቂያቸው፤ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት የተዘጉት፣ ነዳጅ የሚያመጡት ባለጋኖቹ፣ ብረትና ሲሚንቶ የሚጫንባቸው ክፍቶቹ። ለጥገና የወጡ ጎማዎች ከነአክሰላቸው በአጭር ሐዲድ ላይ ተርታ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ይህን አትርሺ፤ ወርክሾፕን ከመጋዘን የሚለየው እሱ ነው። ጽሑፎቹ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ይሁኑ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ድሬዳዋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ሰው የለም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ተጋድሟል፣ ጋሪ ጎታቹ ፈረስ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት ወስኚ፣ ሰዉን ከዚያ በኋላ አስቀምጪ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ ሰው በየቦታው ይበተናል፤ ስምንት ሰዓት ከሆነ ግን ሁሉም ከዛፍና ከግድግዳ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ካየሁ እንግዳ ነው እላለሁ።

ባለቆርቆሮ (አዲስ አበባ)

የእኔ ሙያ ለአርክቴክቶች የሕንፃ ሞዴል መሥራት ነው። ስለዚህ የተጠየቀውን የጣሪያ ነገር ብቻ ልመልስ፤ ከዚያም ስለ ቀለም ጥቂት እጨምራለሁ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ሞዴል ላይ የሚበላሸው ጣሪያውን እንደ አንድ ወጥ ሉህ ስንሠራው ነው። በእውነቱ ጣሪያ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ለየብቻው ይታያል፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል፣ አንዱ ዘንድሮ የተቀየረ ነው፣ ሌላው ጫፉ ተነሥቷል። 80 ሴንቲሜትር በ2.40 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በ1፡87 ዘጠኝ ሚሊሜትር በ28 ሚሊሜትር ይሆናል። የሞገዱ ርቀት በእውነቱ 76 ሚሊሜትር ስለሆነ በሞዴሉ ላይ 0.87 ሚሊሜትር ይመጣል፤ በሱቅ የሚገኘው ባለ አንድ ሚሊሜትር ሞገድ የፕላስቲክ ሉህ ለዚህ ይበቃል። ሉሁን ግን ጣሪያ አያድርጉት፤ እንደ ማተሚያ ይጠቀሙበት። የምግብ መጠቅለያ ፎይል በላዩ ዘርግተው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ በየቦዩ ቀስ ብለው ያሂዱበት፤ ሞገዱ ይወጣል። ፎይሉ ቀጭን ከሆነ እጥፍ ያድርጉት። ከዚያ በመጠኑ ይቁረጡትና ከታች ወደ ላይ እየደረቡ ያጣብቁ፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን በሁለት ሚሊሜትር ያህል ይሸፍን። ለአንድ መካከለኛ ጣሪያ ሁለት መቶ ያህል ቁራጭ ያስፈልግዎታል። አድካሚ መሆኑን አልደብቅዎትም፤ ሲጨርሱት ግን ብርሃን በጎን ሲመታው እያንዳንዱ ቆርቆሮ የየራሱን ጥላ ይጥላል፤ ይህን የትኛውም በማሽን የታተመ ጣሪያ አይሰጥዎትም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ከላይ አባታችን ያሉት ትልቅ ቁም ነገር ነው። የአዲስ አበባ ቆርቆሮ በዝናብ ይዝጋል፤ ደረቅ ቆላ ላይ ያለ ቆርቆሮ ግን ከመዛጉ ይልቅ በፀሐይ ይገረጣል። ስለዚህ መሠረቱን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቀብተው ከቁራጮቹ ውስጥ ስድስትና ሰባቱን ብቻ ነጣ ወይም ጠቆር ያድርጓቸው፤ ዝገቱን ሁለቱ ቆርቆሮዎች የሚደራረቡበት ጠርዝ ላይ በጣም በቀጭን ብሩሽ ያስነኩት። ንጹሕ ጥቁር ቀለም በዚህ ሞዴል ላይ የትም እንዳይጠቀሙ፤ ሎኮሞቲቭ የሚቆምበት የዘይት ቦታ እንኳ ጥቁር ግራጫ ላይ ትንሽ ቡናማ ተጨምሮበት ይሻላል፤ ትንሽ ነገር ላይ ጥቁር ቀዳዳ ሆኖ ይታያልና። ለመሬቱ ደግሞ በጥሩ ወንፊት የተነፋ እውነተኛ አፈር ይጠቀሙ። በውኃ የቀጠነ ኮላ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ፤ ሳሙናው ከሌለ ኮላው አፈሩ ላይ ተንከባሎ ይቆማል እንጂ አይሰርግም። ማግኔት በአፈሩ ላይ ሳያሳልፉ እንዳያፈሱት፤ የብረት ብናኝ ካለው ወደ ሞተሩ ይገባል።

ሰዎቹ ካስፈለጉ፣ የጀርመን ሱቅ የሚሸጣቸው ካፖርት የለበሱ ናቸው። ካፖርቱን በምላጭ ፍቀው ከወገብ በታች በቀጭን የወረቀት መሐረብ ሽርጥ ያልብሷቸው፤ ነጠላም እንደዚሁ ነው። መሐረቡን ወደ አንድ ንጣፍ ገንጥለው በቀጠነ ኮላ ነክረው በጥርስ ማውጫ እንጨት ጫፍ ትከሻው ላይ ያጥፉት። ፔጆ 404 በ1፡87 ተሠርቶ ስለሚሸጥ ለጣቢያው ፊት ታክሲ አያጡም።

የከዚራ ልጅ (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

የግድግዳ ወረቀት ጥቅልል ገዝቼ 3.60 ሜትሩን በሙሉ መጠኑ ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁት። የክብሪት ቀፎዎችን በፉርጎ ርዝመት እየገጣጠምኩ በተሳለው ሐዲድ ላይ ሳንቀሳቅሳቸው የአምስት፣ የሦስትና የሦስቱ አቀማመጥ በትክክል ገባ። ረጅሙ ቅርንጫፍ በወርክሾፑ በር ውስጥ ያልቃል፣ አንዱ አጭር ዕቃ ማራገፊያው ዘንድ ነው፣ ሌላው ጎማዎቹ ከሚሰለፉበት አጠገብ ይውላል። ጣቢያውን ለመተው ወሰንኩ። ውሳኔው አስጨንቆኝ ነበር፤ አንድ ምሽት ሳስበው ግን በልጅነቴ ጣቢያውን ያየሁት ሰው ለመሸኘት በሄድንበት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ የወርክሾፑን አጥር ግን በየሳምንቱ እንዳየሁት ተረዳሁ። ደቻቱም መጋላም ወጥተዋል። የፋብሪካው ፊት ስውር ማቆያውን ይሸፍናል፤ ወደ እሱ የሚገባው ሐዲድ የእኔ ፈጠራ መሆኑን በገበታው ጠርዝ ላይ በትንሽ ጽሑፍ አስቀምጣለሁ።

የቲቲ ሎኮሞቲቭ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አግኝቼ አካሉን አውልቄዋለሁ። የማመላለሻ ፍጥነቱንም ለካሁ። በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በ1፡87 በሴኮንድ 3.2 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ሦስት ፉርጎ የሚይዘውን ቅርንጫፍ ለማቋረጥ ወደ አሥር ሴኮንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። ሞተሩ በዚህ ዝግታ ሳይንቀጠቀጥ ይሄዳል፤ ለመቀየሪያዎቹ መስቀለኛም ሽቦ አድርጌላቸዋለሁ።

የቀኑን ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አደረግኩት፤ መብራቱንም ከአንድ ወገን ዝቅ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል፤ ሁለቱም ለአባባ ሸሚንደፈር ነው። የቶርኖው ክፍል ውስጡ በመስኮት እንዲታይ እፈልጋለሁ፤ ማሽኖቹ ከመስኮቱ ጋር እንዴት ነበር የሚቆሙት? ሁለተኛው የግቢው በር ነው። በሩን በትክክለኛ ቦታው ላይ ባደርገው ከመቀየሪያው ጋር ይጋጫል። ወደ ጎን ላዙረው ወይስ ልተወው?

ሸሚንደፈር (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ቶርኖ የሚሠራ ሰው የሚቆርጠውን ብረት በደንብ ማየት አለበት፤ ስለዚህ ማሽኑን ብርሃኑ ከጎኑ እንዲመጣለት አድርገሽ አቁሚው። ፊቱን ለመስኮቱ ከሰጠሽው ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ጀርባውን ከሰጠሽው ጥላው ሥራው ላይ ያርፋል። በመስኮቱ በኩል ሲታይ የሠራተኛው ጎን ይታይ፣ እጁ መንኮራኩሩ ላይ ይሁን። ሦስት ማሽን ካስገባሽ ይበቃል፣ ግን በአንድ መስመር ይሁኑ።

በሩን አትተዪው፣ ወደ ጎንም አታዙሪው። ሞዴሉ በፊት ለፊት በኩል የሚቆረጥበት ጠርዝ የለም ወይ? በሩን እዚያ ጠርዝ ላይ አድርጊው፤ አንዱን መዝጊያ ወደ ውስጥ ተከፍቶ አቁሚው፣ መንገዱ ከገበታው ውጭ ይቅር። የሚያየው ሰው እንግዲህ የቆመው መንገዱ ላይ ነው ማለት ነው። ዘበኛውን ከተከፈተው መዝጊያ አጠገብ አድርጊ። ምሳ ይዘው የሚመጡ ልጆች ከዘበኛው አልፈው አይገቡም ነበር፤ ቋጠሮውን የሚቀበለው እሱ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ደግሞ ተለማማጁ። በ1962 ዓ.ም. ከእነዚያ ተለማማጆች አንዱ እኔ ነበርኩ።